እሑድ ከሰዓት የሚሠራ መመሪያ

አንዲት ጤነኛ ነጭ አይጥ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ትጠጣለች። አምስት ሆነው በአንድ ኬጅ ቢኖሩ በቀን 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃቸዋል፤ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ዐሥር ቀን ያቆያቸዋል። እነዚሁ አይጦች ለስኳር በሽታ ጥናት ስትሬፕቶዞቶሲን የተባለውን ስኳር የሚያስይዝ ኬሚካል ከተወጉ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስኳራቸው ሲወጣ ሽንታቸው ይበዛል፣ ጥሙ ይጸናባቸዋል፤ አንዷ ብቻዋን በቀን 20፣ 25 ሚሊ ሊትር ልትጨርስ ትችላለች። የአምስቱ 125 ይደርሳል ማለት ነው። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት የተሞላ ጠርሙስ እሑድ 10 ሰዓት ላይ ባዶ ይሆናል፤ ሰጋቱራውም ያን ሁሉ ውኃ በሽንት መልክ ተቀብሎ ጭቃ ሆኗል። ሰው የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ተማሪው ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱን የሰጠው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይዟል፤ ተንከባካቢውም «ጠርሙስ ሰኞና ዓርብ ይሞላል» የሚለውን መመሪያ አክብሯል። መመሪያው ሲጻፍ ግን የታሰበው ጤነኛ አይጥ ነበር። የዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ምርምር ቁጥጥር ከሞላ ጎደል ይህን መሰሉን ክፍተት የማደን ሥራ ነው፤ ወረቀቱ በሚለውና ኬጁ ውስጥ በሚሆነው መካከል ያለውን ክፍተት። የሚሰፋውም ሁልጊዜ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው፤ እሑድ፣ የፋሲካ ማግስት፣ መብራት የጠፋበት ሌሊት። ስለዚህ አንድ የአሠራር መመሪያ ሲቀርብልኝ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር እሑድ ከሰዓት ይሠራል?

ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በቢሾፍቱ መስመር የእንስሳት ምርምር ሁለት መልክ አለው። አንዱ በግድግዳ ውስጥ ያለው ነው፤ የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን በነጭ አይጥ ላይ የሚፈትሹ የፋርማሲና የጤና ሳይንስ ተማሪዎች የሚሠሩት። ሌላው ደጅ ነው፤ በገበሬው በረት ያለችው የወተት ላም፣ የጋሪ ፈረሱ፣ ውኃ የሚያመላልሰው አህያ። ለሁለቱም ኃላፊው አንድ ኮሚቴ ነው። ከውጭ የሚቀዱት ሰነዶች ግን በአብዛኛው የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ስለ መቅዳት ካነሣን፣ የዚህ ሥራ መሠረት የሆነው ሐሳብ የመጣው ከሁለት እንግሊዛውያን ነው። ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ሦስቱን መርሖች አስቀመጡ፦ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩን ማቅለል። ዛሬ በእጃችን ያሉት ትልልቅ ሰነዶች ሁሉ የቆሙት በዚያ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በስምንተኛ እትም የወጣው የአሜሪካኖቹ የላቦራቶሪ እንስሳት አያያዝ መመሪያ፣ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የየብስ እንስሳት ደንብ ምዕራፍ 7.8፣ ሌሎችም። እነዚህን ማንበብ ግዴታ ነው። ገልብጦ የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም መምታት ግን ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ የተሠራ ሰነድ በእኛ መዋቅር ውስጥ የሌለ የሥራ መደብ ይጠራል፤ በአየር ማቀዝቀዣ የሚሠራ ክፍል ታሳቢ ያደርጋል፤ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ጊዜ አየሩ ይቀየር ይላል፣ ክፍሉ ግን ያለው አንድ መስኮት ነው። ተንከባካቢው የማይቻለውን ነገር አንዴ ካነበበ የሚቻለውንም አያምንም። ከ60 ገጽ ቅጂ ይልቅ «መስኮቱ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፤ ስትገባ አሞኒያ ዓይንህን ካቃጠለህ ኬጁ የዘገየ ስለሆነ ዛሬውኑ ይቀየር» የሚል አንድ መስመር ይሻላል። የሰው አፍንጫና ዓይን ሸተተኝ፣ አቃጠለኝ ከማለቱ በፊት ወለሉ አጠገብ ያለችው አይጥ ብዙ ስባለች።

ኮሚቴው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቅንብሩ የታወቀ ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ፖሊሲ ቢያንስ 5 አባላት ያስፈልጋሉ፤ ከእነሱም የእንስሳት ሐኪም፣ በእንስሳት የሚመራመር ሳይንቲስት፣ ሳይንቲስት ያልሆነ ሰውና ከተቋሙ ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው መኖር አለባቸው። ይህ ቁጥር ለእኛም ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ከይሉኝታ ነው። የባልደረባን ተማሪ ዕቅድ «አልጸደቀም» ማለት ይከብዳል፤ በተለይ አማካሪው ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ እያየ። መድኃኒቱ አማካሪው ከክፍሉ እንዲወጣ ማድረግ ነው። የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ይህ አንድ መስመር ኮሚቴውን ከይሉኝታ ነፃ ያወጣዋል፤ መመሪያው ነው ያስወጣው፣ ሰው አይደለም።

ከውጭ የሚመጣው አባል የዕድር ሰብሳቢ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወይም የወተት አምራቾች ማኅበር አባል ሊሆን ይችላል። የትራንስፖርትና የአበል ገንዘቡ በበጀት ይያዝለት፤ ካልተያዘ ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ አይመጣም። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ይድረሰው። ተመራማሪው ሥራውን ለዚህ ሰው በሁለት ገጽ ማስረዳት ካቃተው ብዙ ጊዜ ራሱም ገና አልወሰነም። «ከዚያ በኋላስ አይጦቹ ምን ይሆናሉ?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ይህ አባል ነው፤ ጥያቄው ደግሞ በጣም ትክክል ነው።

የስብሰባ ቀናት በመስከረም ወጥተው ይለጠፉ። ካልወጡ ግን ጥርና የካቲት ላይ ማመልከቻው ይከመራል፤ መመረቂያ ጽሑፍ ሰኔ ላይ መቅረብ ስላለበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሮጣል። «በስልክ ተስማምተናል» የሚባል ማጽደቅ የሚወለደው በዚያ ሩጫ ነው። ቀላል ሥቃይ ያለበትን ሥራ አንድ የተመደበ አባል እንዲያየው፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ሙሉ ኮሚቴው እንዲያየው አስቀድሞ በጽሑፍ መለየት ሩጫውን ያቀለዋል።

ከማመልከቻ ቅጹ ጥያቄዎች የሚበልጡት ሦስት ናቸው፤ ቁጥሩ፣ ጾሙና ሰዓቱ።

ቁጥሩን እንይ። እኛ ዘንድ የተለመደው ንድፍ አምስት ቡድን፣ በቡድን 6 አይጥ፣ በድምሩ 30 ነው። ለምን 6? ሲባል «ቀደም ያሉት ጥናቶች 6 ስለተጠቀሙ» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ምክንያት አይሆንም። ስለ ልዩነቱ ስፋት ቀደም ያለ መረጃ ካለ ስሌቱ በእሱ ይሠራ። ከሌለ ቀላል ማጣሪያ አለ፦ ከጠቅላላው እንስሳ ላይ የቡድኑን ብዛት ስንቀንስ ውጤቱ በ10 እና በ20 መካከል ቢወድቅ ይበቃል። 30 ሲቀነስ 5፣ 25 ነው፤ ከወሰኑ በላይ ሆኗል። በቡድን 5 ቢሆን 25 ሲቀነስ 5፣ 20 ይሆናል፤ ልክ ነው። በአንድ ተማሪ አምስት አይጥ ተረፈ። በዓመት 40 ተማሪ ቢኖር 200 ይተርፋል፤ የ200 አይጥ መኖ፣ ሰጋቱራና ጉልበትም አብሮ ይተርፋል።

የመርዛማነት ፈተናም እንዲሁ ነው። የዕፅዋት ጭማቂ ግማሹን እንስሳ የሚገድልበትን መጠን ለማግኘት ብዙ ደርዘን አይጥ የሚጠይቀው የቆየ ዘዴ፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) መመሪያ ቁጥር 401፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ተሰርዟል። በምትኩ ያሉት እንደ 423 እና 425 ያሉት ናቸው። በ425 የወሰን ፈተና በኪሎ ግራም 2,000 ሚሊ ግራም ለአንዲት አይጥ ይሰጣል፤ እሷ ከተረፈች ለአራት ይደገማል። አምስት እንስሳ በቂ ነው። የተሰረዘው ዘዴ ያለበት ዕቅድ ከመጣ መመለስ ይኖርበታል።

ጾሙ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ስሕተት ነው፤ ማስተካከያው በጣም ቀላል ነውና። ብዙ ዕቅዶች «አይጦቹ ሌሊቱን ይጾማሉ» ይላሉ። ይህ የተቀዳው «ራት» ከሚባለው ከትልቁ የላቦራቶሪ አይጥ ጥናት ነው። የኦኢሲዲ መመሪያዎች ለራት ሌሊቱን፣ ለትንሿ ነጭ አይጥ ግን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ይላሉ፤ ውኃ ደግሞ ለሁለቱም አይከለከልም። ነጭ አይጥ የምትበላው በጨለማ ነው፤ ሌሊቱን መከልከል ማለት የቀኑን ምግቧን በሙሉ መውሰድ ነው። 25 ግራም የምትመዝን ፍጥረት ከዚያ በኋላ ክብደቷ ወርዶ፣ ሙቀቷ ቀንሶ፣ ጉበቷ ባዶ ሆኖ መድኃኒት ይሰጣታል። ከዚህ የሚገኘው ውጤት የመድኃኒቱ ይሁን የረኀቡ መለየት አይቻልም።

ሰዓቱ ደግሞ የእኛው የራሳችን ነው፤ ከውጭ የመጣ አንድም መመሪያ አያነሣውም። ተማሪው ኬጁ ላይ «8:00 ላይ ምግብ ይነሣ» ብሎ ይጽፋል፤ ያሰበው የፈረንጁን ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓትን። ተንከባካቢው የሚያነበው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ብሎ ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። መድኃኒቱ በታቀደው ሰዓት ሲሰጥ አይጧ ሙሉ ጠግባለች፤ በተቃራኒው ሲሆን ደግሞ ጾሙ ከ4 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ይረዝማል። የቀን አቆጣጠርም እንዲሁ ያሳስታል፤ «5/6» የሚል ካርድ የካቲት ነው ወይስ ጁን? ፖሊሲው አንድ ሰዓትና አንድ ዘመን አቆጣጠር ይምረጥ። እኔ የምመርጠው ኬጁ ላይ ያለው ካርድ በሙሉ በአገርኛ ሰዓት «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚለው ቃል ታክሎበት፣ ወሩም በስሙ እንዲጻፍ ነው። ካርዱን የሚያነበው ተንከባካቢው ነው፤ ለጆርናል የሚሆነውን ተማሪው በኋላ ይለውጠው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። የወባ መድኃኒት ፍለጋ እኛ ዘንድ ብዙ ይሠራል፤ በተለይ የአራት ቀኑ ፈተና። አይጧ ፕላስሞዲየም በርጌይ በተባለው የአይጥ ወባ ጥገኛ የተያዙ ቀይ የደም ሕዋሳት በሆዷ በኩል ትወጋለች፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ሕክምናው ይጀመራል፣ ለአራት ቀን ይቀጥላል፣ በአምስተኛው ቀን ከጅራቷ ጠብታ ደም ተወስዶ በጊምሳ ቀለም ይታያል። የጥገኛው መቀነስ በዚያ ቀን ታወቀ፤ ዋናው ጥያቄ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ዕቅዶች «አማካይ የመኖሪያ ቀን» ለመቁጠር አይጦቹ በራሳቸው እስኪሞቱ ይጠብቃሉ። ያልታከመችው አይጥ በእነዚያ ቀናት ደሟ እየሳሳ፣ ሙቀቷ ከተለመደው 37 ዲግሪ ገደማ እየወረደ፣ ፀጉሯ ቆሞ፣ ጀርባዋ ጎብጦ፣ ጥግ ይዛ ትቆያለች። ብዙ ጊዜ የምትሞተው ሌሊት ነው። ጠዋት የሚገኘው የቀዘቀዘ ገላ ሲሆን ጓደኞቿ አንዳንዴ መብላት ጀምረውታል። ያ ሬሳ ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ አይሆንም፤ የሞተችበት ሰዓትም በትክክል አይታወቅም። እንስሳዋም ተሠቃየች፣ ሳይንሱም አልተጠቀመም።

ስለዚህ ፖሊሲው «ሞት እንደ መጨረሻ ነጥብ» የሚለውን በልዩ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር መከልከል ይኖርበታል። በምትኩ የነጥብ ካርድ ይዘጋጅ፦ ፀጉር፣ አቀማመጥ፣ እንቅስቃሴ፣ ዓይን፣ ክብደት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3። ክብደት ከመነሻው 15 በመቶ ሲወርድ በቀን ሁለቴ ትታያለች፤ 20 በመቶ ሲወርድ፣ ወይም ተገልብጣ ራሷን ማቃናት ሲያቅታት፣ በዚያው ሰዓት ያለ ሥቃይ ትገደላለች። ያ ቀን እንደ መኖሪያ ቀኗ ይመዘገባል፤ ስታቲስቲክሱ ይህን ያስተናግዳል።

ካርዱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ማን ይወስናል የሚለው ነው። «ጋሼ፣ እስከ ማክሰኞ ያቆዩልኝ፤ ዳታዬ ናት» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ መመረቂያው ስለተንጠለጠለ ነው። ዕድሜውን ከእንስሳት ጋር ያሳለፈ ተንከባካቢ ሊሠለጥን የሚችል፣ እጁ ከሁላችንም የተፈተነ ሰው ነው፤ የትምህርት ደረጃው ዝቅ ስላለ ብቻ ግን ከማስተርስ ተማሪ ጋር መከራከር አይችልም። ፖሊሲው ይህን ክርክር አስቀድሞ ሊጨርስለት ይገባል፦ «ነጥቡ ከወሰኑ ካለፈና የእንስሳት ሐኪሙ በ1 ሰዓት ውስጥ ካልተገኘ፣ የሠለጠነው ተረኛ ተንከባካቢ እንስሳውን የመግደል ሥልጣንና ግዴታ አለበት፤ በዚህም አይጠየቅም።» ይህች ዐረፍተ ነገር የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ፊርማ ኖሮባት በሩ ላይ ትለጠፍ። ከሰነዱ ሁሉ አንዲት ብቻ አስቀሩ ብባል የማስቀረው ይህችን ነው።

በምን ይገደል የሚለውም እሑድን ያስታውሰናል። ዕቅዱ ኬታሚንና ዛይላዚን የተባሉትን ማደንዘዣዎች ይላል፤ ፈቃዱ ይወጣል፤ ገበያ ላይ ኬታሚን ይጠፋል። ተማሪው ያገኘውን ዳይኤቲል ኤተር ጥጥ ላይ አፍስሶ ማሰሮ ውስጥ ይከታል። ኤተር የአየር ቧንቧን ይለበልባል፣ በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል፤ በኤተር የሞተ እንስሳ ሬሳ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ ፍሪጁ ራሱ ቦምብ ይሆናል። ክሎሮፎርም ደግሞ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፤ የጉበት ጥናት እየሠሩ በክሎሮፎርም መግደል የገዛ ውጤትን መበከል ነው፣ የሚተነፍሰውም ሰው አብሮ ይመረዛል። ለዚህ መፍትሔው አማራጩን ከመጀመሪያው አብሮ ማጽደቅ ነው፦ ኬታሚን ከታጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እሱም ከታጣ በሠለጠነ እጅ አንገት ማላቀቅ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ሬጉሌተርና የፍሰት መለኪያ ይኑረው፤ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መሠረት በደቂቃ ከሳጥኑ ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶ ይሞላል። 10 ሊትር ሳጥን ከሆነ በደቂቃ ከ3 እስከ 7 ሊትር ነው። ቁጥሩ በፐርሰንት ሳይሆን በሊትር ሳጥኑ ላይ ይጻፍ፤ እሑድ ማንም ሒሳብ አያሰላም። ትንፋሽ መቆሙ ብቻ አይበቃም፤ ከሳጥኑ ወጥታ የምትነቃ አይጥ አለች፣ ስለዚህ ሞቷ በሁለተኛ ዘዴ ይረጋገጥ።

ግዢውንም ከፖሊሲው ነጥዬ አላየውም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ማብቂያ ግዢ በአብዛኛው ይቆማል። አይጦቹ ግን አይቆሙም። ያ ወቅት ደግሞ ክረምት ነው፤ መኖ በእርጥበት የሚሻግትበት፣ ሰጋቱራ የማይደርቅበት። የሦስት ወር ፍጆታ ግንቦት ከማለቁ በፊት መግባት አለበት፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ተነጥሎ ይቀመጥ። መኖው ላይ የተፈጨበት ቀን ይጻፍ፤ ከስድስት ወር በኋላ አይሰጥም። የኑግ ፋጉሎና በቆሎ ያለበት መኖ አፍላቶክሲን ሊይዝ እንደሚችል አይረሳ፤ ያ መርዝ የሚያጠቃው ጉበትን ነው። የዶሮ መኖ መስጠትም የተለመደ ነው፤ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ካልሲየሙ ለአይጥ ከልክ በላይ ነው።

ሰጋቱራን ጠጋ ብለን እንየው። ከአናጢ ቤት በማዳበሪያ ጆንያ ይመጣል። እፍኝ አንሥቶ ነጭ ወረቀት ላይ መበተን ነው። ቢጫማ ዱቄት ከበዛበት የችፑድ ወይም የኤምዲኤፍ ነው፤ ሙጫው ፎርማልዲሃይድ አለበት። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ካለ ቫርኒሽ ነው። ቀይ ሆኖ መዓዛው ደስ የሚል ከሆነ የሐበሻ ጥድ ነው፤ ለእኛ ደስ የሚለው ያ ሽታ ለአይጧ ጉበት ሥራ ማብዛት ነው፣ መድኃኒት የሚያብላሉት ኤንዛይሞች ይነሣሣሉ፣ የጥናቱ ውጤት ይዛባል። ምስማርና የመጋዝ ስባሪም ይገኛል። ስለዚህ የግዢ ዝርዝሩ «ሰጋቱራ፣ 20 ጆንያ» ብሎ አያብቃ፤ «ካልተቀባ፣ ጥድ ካልሆነ ጥርብ እንጨት፣ ደረቅ፣ የተነፋ» ይበል። የተረከበው ሰውም ከእያንዳንዱ ጆንያ እፍኙን አይቶ ይፈርም። ከዚያ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ይገባል።

ብርዱም የቦታችን ነው። ሱሉልታና አካባቢው ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ለአይጥ ክፍል የሚመከረው ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሲሆን ነጭ አይጥ በእርግጥ የሚመቻት ከዚያም ሞቅ ያለው ነው። ማሞቂያ በመብራት ነው፣ መብራት ይጠፋል። ከጄኔሬተር በፊት የሚቀድመው ርካሽ ነገር ጎጆ መሥሪያ ነው፤ በኬጅ ከ8 እስከ 10 ግራም ያልታተመበት የተቆራረጠ ወረቀት። አይጦቹ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ጠዋት ሙሉ ጉልላት ሆኖ ይገኛል። ጥጥ አይሁን፤ ክሩ በግልገል እግር ይጠመጠማል። ኬጅ ሲታጠብ ደግሞ የጎጆው ንጹሕ ክፍል ወደ አዲሱ ኬጅ ይዛወር።

ወደ ደጅ ስንወጣ ቁጥጥሩ መልኩን ይለውጣል። ከላም አንገት 10 ሚሊ ሊትር ደም መውሰድ ለላሟ ምንም ማለት አይደለም፤ 400 ኪሎ የምትመዝን ላም ከ20 ሊትር በላይ ደም አላት። የሚጎዳት አያያዙ ነው፤ አንድ ሰው ቀንዷን፣ አንድ ሰው ጅራቷን ይዞ ሲጎትታት። የሚጎዳው ጎረቤቱም ነው፤ ተመራማሪው ከአንዱ በረት ወደ ሌላው በአንድ ቦቲ ሲሄድ አፍተ ግር የተባለውን ተላላፊ የከብት በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በእያንዳንዱ ግቢ በር ቦቲ መታጠብ፣ ለእያንዳንዷ ላም አዲስ መርፌ፤ ይህ የማይታለፍ የፈቃዱ አካል ይሁን።

የባለቤቱ ፈቃድስ? ቅጹ በአፋን ኦሮሞም ይኑር፤ የአካባቢው ሰው የሚኖርበት ቋንቋ ነው። የሚፈርመው አባወራው ነው፣ ላሚቱን የምታልበውና ወተቱን የምትሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ሚስቱ ናት። ሁለቱም ይሰሙ። ጥናቱ መድኃኒት የሚሰጥ ከሆነ ወተቱ መድኃኒቱ ላይ እስከተጻፈው ቀን አይሸጥም። ላሚቱ በቀን 12 ሊትር ብትታለብና የመታቀቢያው ጊዜ 7 ቀን ቢሆን 84 ሊትር ወተት ይደፋል። ማን ይከፍላል? ዕቅዱ በጀት ውስጥ ካላሳየ አይጽደቅ፤ ካልተከፈለ ወተቱ ይሸጣልና፣ ሌላ ሰው ይጠጣዋልና።

የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከዚህም ይከብዳል። ቱበርኩሊን የሚባል የመመርመሪያ ፈሳሽ በሁለት ዓይነት፣ የከብትና የወፍ፣ እያንዳንዳቸው 0.1 ሚሊ ሊትር አንገት ቆዳ ውስጥ ይሰጣሉ፤ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳው ውፍረት ይለካል። ሦስተኛው ቀን በዓል ላይ እንዳይውል ከመርፌው በፊት ካሌንደር ይታይ፤ ያልተነበበ ምርመራ በከንቱ የተወጋች ላም ነው። ዋናው ግን ውጤቱ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የዲቃላ ወተት ላሞች ይህ በሽታ የታወቀ ችግር ነው። ባለቤቷ «ላምሽ በሽታ አለባት» ከተባለች በኋላ ካሳ ከሌላት ቅዳሜ ገበያ አውጥታ ትሸጣታለች። ካልተባለች ደግሞ ልጆቿ ጥሬውን ይጠጣሉ። ተመራማሪው ምን እንደሚነግራት፣ በምን ቃል፣ ወተቱን ስለማፍላት ምን እንደሚመክራት፣ ውጤቱን ለየትኛው የእንስሳት ጤና ቢሮ እንደሚያሳውቅ ከመጀመሪያው ጽፎ ማምጣት አለበት። «ውጤቱ ምስጢር ነው» ብሎ ማለፍ ከሰው ጥናት የተቀዳ ልማድ ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ።

ከጸደቀ በኋላ የሚደረገው ክትትል ብዙ ቦታ የለም፤ ፈቃድ ተሰጠ፣ ፋይሉ ተዘጋ ይባላል። በስድስት ወር አንዴ ኮሚቴው ራሱ ገብቶ ይቁጠር። መዝገቡ የተወለዱትን፣ የተገዙትን፣ ለጥናት የወጡትን፣ የሞቱትንና የተገደሉትን ለየብቻ ይያዝ፤ ድምሩ ከቆሙት ኬጆች ጋር ካልገጠመ ምክንያቱ ይፈለግ። መጠን፣ መንገድ፣ ማደንዘዣ ወይም ቁጥር ሲለወጥ ለውጡ ከመሠራቱ በፊት ይጽደቅ። ያልተጠበቀ ሞት በ24 ሰዓት ውስጥ ይነገር። መድኃኒት ጋቬጅ በሚባለው፣ በአፍ ወደ ጨጓራ በሚገባ መርፌ ሲሰጥ ከአንድ ኬጅ ሁለት አይጥ በዚያው ቀን ከሞቱ የዕፅዋቱ መርዝ ነው ከማለት በፊት ሳንባቸው ይከፈት፤ ፈሳሽ ካለበት መርፌው የገባው በአየር ቧንቧ ነው። ርዝመቱ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ መጨረሻዋ ጎድን ይለካል፤ 25 ግራም አይጥ ከ0.25 ሚሊ ሊትር በላይ ባትወስድ ይመረጣል። የሚወሰደው ደም በሁለት ሳምንት ከ0.18 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ ከጠቅላላ ደሟ አንድ ዐሥረኛው ነው።

የሠራተኛውም ጤና የዚሁ ፖሊሲ አካል ነው። የአይጥ ሽንት አለርጂ ያመጣል፣ አስም ይሆናል፤ ማስነጠስ የጀመረው ተንከባካቢ «ለመደብኝ» እያለ ዓመት ይቆያል። ማስክ፣ ጓንት፣ የቴታነስ ክትባት፤ ውሻ ለሚይዝ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት።

ሬሳውን መጨረሻ ላይ ያነሣሁት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚታሰብ ነው። በከተማው ዳር ጅብ አለ። ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ የተጣለ ሬሳ ጠዋት አይገኝም። በፔንቶባርቢታል የተገደለ እንስሳ ከሆነ መርዙ በሥጋው ውስጥ ነው፤ የበላው ጅብ፣ ውሻ፣ ጥንብ አንሣ ይሞታል። ስለዚህ መድኃኒት የገባበት ሬሳ ሁሉ ይቃጠላል፤ የማቃጠያው ናፍጣ ከመኖው ጋር በአንድ የበጀት መስመር ይያዝ፣ እስኪቃጠልም በቁልፍ በተዘጋ ፍሪዘር ይቆይ። ፍሪዘሩ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ተለክቶ በሩ ላይ ይጻፍ።

ሰነዱን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ የአሠራር መመሪያ ከሁለት ገጽ አይለፍ፤ ቁጥር፣ የወጣበት ቀን፣ የጻፈውና የፈረመው ይኑርበት። አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ከግድግዳው በእጅ ይነሣ፤ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ከተለጠፈ ሰው የሚከተለው የለመደውን ነው። ከመጽደቁ በፊትም ተንከባካቢው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ እንደገና ይጻፍ።

በሩ ላይ የምትቀረው ወረቀት አንዲት ናት። የመግደል ሥልጣኑ ዐረፍተ ነገር፣ የነጥብ ካርዱ፣ ሳጥኑ በደቂቃ ስንት ሊትር ጋዝ እንደሚፈልግ፣ የስኳር አይጦች ጠርሙስ በየቀኑ እንደሚታይ፣ ከዚያም ሦስት ስልክ፦ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ተተኪው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት፣ ተረኛው ሦስቱንም ቁጥሮች ይደውላል፤ ያነሣውንና ያላነሣውን በመዝገቡ ይጽፋል። ያላነሣው ሰው ሰኞ ጠዋት ይጠየቃል፤ ቁጥሩም፣ ካስፈለገ ሰውዬውም፣ በዚያው ቀን ይቀየራል።